ከውጫሌ እስከ ወረኢሉ፦ ስለ ውል መጣስና ስለ ውል ማብቃት የተደረገ ምልልስ

ወረኢሉ በታሪክ ስሟ የሚነሣው ከዘመቻ ጋር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ የሸዋ ሰው በጥቅምት እኩሌታ እንዲገናኛቸው የቀጠሩት እዚህ ነበር። ለዚያ ዘመቻ መነሻ የሆነው ውልም የተፈረመው እዚያው ወሎ ውስጥ፣ ከደሴ በስተሰሜን በአምባሰል ምድር በውጫሌ ነው። ከውጫሌ እስከ ወረኢሉ ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም፤ ከፊርማው እስከ ክተቱ ግን ከስድስት ዓመት በላይ አልፏል። ይህ ምልልስ የሚመረምረው በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ምን እንደተሠራ ነው። ተነጋጋሪዎቹ አንዲት የታሪክ መምህርትና አንድ በዕድሜ የገፉ ጠበቃ ናቸው፤ ሁለቱም ጸሐፊው ክርክሩን ከሁለት ወገን ለማየት ያቆማቸው ድምፆች ናቸው። ዓመቶቹ፣ የአውሮፓ ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ስለ ውጫሌ ውል በየክፍሉ የሚነገረው አጭር ነው። ጣልያን በ17ኛው አንቀጽ አታለለች፣ ምኒልክ ውሉን አፈረሱ፣ ዓድዋ ላይ ተዋጉ፣ አሸነፉ። ከዚህ የሚወጣው ትምህርትም ግልጽ ይመስለኛል። ውል የሚቆየው ሁለቱም ወገኖች እስካከበሩት ድረስ ነው፤ አንዱ ከጣሰው ሌላው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነጻ ነው። መሬቱን ለእኩል የሰጠ ሰው አራሹ ካላረሰለት ሌላ አራሽ ያስገባል እንጂ ምን ይጠብቃል? ንጉሥም ይሁን ገበሬ፣ ለከዳው ሰው ታስሮ የሚኖርበት ምክንያት አይታየኝም።

ጠበቃው፦ ልጄ፣ ታሪኩ እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ሲነገር ዋናው ነገር ይወድቃል። ውል መጣስና ውል ማብቃት የተለያዩ ናቸው። መጣስ አንዱ ወገን የሚፈጽመው ጥፋት ነው፤ ግዴታውን ጨርሶ ይተወዋል፣ ወይም ያዘገየዋል፣ ወይም አጉድሎ ይፈጽመዋል። ማብቃት ግን ሥርዓት አለው። በጥፋቱና በማብቃቱ መካከል የተበደለው ወገን የሚሠራው ሥራ አለ። ጥፋቱ ይህ ነው ብሎ ያስታውቃል፤ እንዲታረም ጊዜ ይሰጣል፤ የማይታረም ከሆነ ውሉን መተዉን በግልጽ ይናገራል፤ በውሉ የተቀበለውንም ይመልሳል። ይህን የዘለለ ሰው ተበድሎ ሳለ በዳይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከውል መውጣት ከቤት እንደመውጣት ነው፤ በር እያለ ግድግዳ አይፈርስም። የምኒልክ ታላቅነት ለእኔ እዚህ ላይም ይታያል፤ የውጫሌ ውል ያበቃው በጦር ሜዳ አይደለም። ጦሩ ወረኢሉ ላይ ከመሰብሰቡ ከአንድ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በማስታወቂያና በጊዜ ገደብ አብቅቶ ነበር።

መምህርቷ፦ እንግዲያው ነገሩን ከሥሩ እንየው። ውሉ እንዴት ተፈጠረ? የተጣሰውስ የቱ ላይ ነው? መጣሱ ሳይታወቅ ማብቃቱ አይገባኝም።

ጠበቃው፦ ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 በመተማ ከወደቁ በኋላ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥትነታቸውን የሚያውቅላቸውና መሣሪያ የሚያስገባላቸው ወዳጅ ይፈልጋሉ። ጣልያን ደግሞ ከምጽዋ ወደ ደጋው መውጣት ትፈልጋለች። ስለዚህ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 በምኒልክና በጣልያኑ መልእክተኛ በፒየትሮ አንቶኔሊ መካከል 20 አንቀጾች ያሉት የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። በሦስተኛው አንቀጽ አስመራን ጨምሮ በሰሜን ደጋ የተወሰኑ ቦታዎች ለጣልያን ተለቀቁ። ምኒልክም በበኩላቸው በምጽዋ በኩል መሣሪያ የማስገባት መብት አገኙ። በመስከረም 1882 ራስ መኰንን ጣልያን አገር ሄደው፣ ያኔ ደጃዝማች ነበሩ፣ በኔፕልስ ተጨማሪ ውል ፈረሙ። በዚህም የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተገኘ፤ መያዣውም የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር። እንግዲህ ሁለቱም ወገን የሰጠውና የተቀበለው ነበረው። ይህ ነጥብ ኋላ ይጠቅመናልና ያዢው፤ ባዶ ወረቀት ሳይሆን ጥቅም የተለዋወጡበት ውል ነው።

ጥሰቱን በሁለት ቦታ ታገኚዋለሽ። አንደኛው በመሬት ላይ ነው። የጣልያን ጦር ውሉ ከሰጠው ወሰን አልፎ ወደ መረብ ገፋ፤ በጥር 1882 ጄኔራል ኦሬሮ ዓድዋ ድረስ ገባ። ሁለተኛው በወረቀት ላይ ነው። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች ነገሥታት ጋር ሲጻጻፉ በጣልያን መንግሥት አማካይነት መጠቀም እንደሚችሉ ይናገራል፤ በጣልያንኛው ግን ይህን ለማድረግ እንደተስማሙ ተደርጎ ተጻፈ። 19ኛው አንቀጽ ሁለቱ ጽሑፎች እኩል ሥልጣን እንዳላቸው ይናገር ስለነበር አንዱን ብቻ ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም ነበር። ጣልያን ያደረገችው ግን ያንኑ ነው። በጥቅምት 1882፣ በ1885 የአውሮፓ ዓመት የተፈረመው የበርሊን ስምምነት 34ኛ አንቀጽ ይፈቅድልኛል ብላ፣ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ስትል ለኃያላን መንግሥታት አስታወቀች። በእኔ ግምት ከባዱ ጥፋት የሁለቱ ጽሑፎች መለያየት ራሱ አይደለም፤ መለያየት በስሕተትም ሊመጣ ይችላል። ከባዱ ጥፋት ባልንጀራዋን ሳትጠይቅ አንዱን ጽሑፍ ብቻ ለዓለም ማሳወጇ ነው። የወዳጅነት ውልን የገዥነት ማስረጃ አድርጋ ተጠቀመችበት።

መምህርቷ፦ እዚህ ላይ ላቋርጥዎት ጋሼ። ማታለል ካለ ስምምነት የለም፤ ስምምነት ከሌለ ደግሞ ውል የለም። ምኒልክ ያልተስማሙበትን ነገር ለምን በማስታወቂያ ያፈርሳሉ? ከጅምሩ ያልነበረ ነገር ማብቂያ ምን ያስፈልገዋል? እርስዎ ስለ በር ይናገራሉ፤ እኔ ደግሞ ቤቱ ራሱ አልተሠራም እላለሁ።

ጠበቃው፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ረቂቁን ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያዘጋጁት፣ ሁለቱን ነገሮች ለይቶ ያስቀምጣቸዋል። አንደኛው የውል መፍረስ ነው። ውሉ ሲመሠረት ስሕተት፣ ተንኰል ወይም ኃይል ገብቶበት የአንዱ ወገን ፈቃድ ተበላሽቶ ከሆነ ያ ወገን ውሉ እንዲፈርስለት ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛው የውል መሰረዝ ነው። ውሉ በትክክል ተመሥርቶ ሳለ በኋላ አንዱ ሳይፈጽም ሲቀር ይሰረዛል። የበሽታው ዘመን ይለያያል፤ አንዱ ከልደት ነው፣ ሌላው በዕድገት የመጣ። ነገር ግን ተንኰል የገባበት ውል እንኳ በራሱ አይወድቅም። በቁጥር 1808 መሠረት እንዲፈርስ መጠየቅ የሚችለው ፈቃዱ የተበላሸበት ወይም የተጎዳው ወገን ብቻ ነው፤ በቁጥር 1810 ደግሞ ምክንያቱ ከቀረበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ መብቱ ያልፍበታል። ሕጉ የተታለለውን ሰው ምርጫ ይሰጠዋል። ‹ተታልያለሁ፣ ይፍረስልኝ› ማለት ይችላል፤ ‹ተታልያለሁ፣ ነገር ግን የተታለልኩበት ይታረምና የቀረው ይቀጥል› ማለትም ይችላል። ዝም ካለ ግን የሚናገርለት የለም።

ምኒልክ የመረጡት መጀመሪያ ሁለተኛውን ነው። ዘውድ መጫናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ጽፈው ሳለ ከእንግሊዟ ንግሥት ከቪክቶሪያ የመጣላቸው መልስ ከእንግዲህ በጣልያን በኩል እንዲጻጻፉ የሚያመለክት ነበር። የነገሩ ግዝፈት ሲገለጥላቸው በመስከረም 1883 ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጻፉ። አማርኛው ጽሑፍ ግዴታ እንደሌለበት፣ ጣልያንኛው እንዲታረም፣ ለኃያላኑም ስሕተቱ እንዲነገር ጠየቁ። ውሉ አበቃ አላሉም። ልጄ፣ ይህን ደብዳቤ በሕግ ዓይን እዪው፤ ማስጠንቀቂያ ነው። በቁጥር 1772 የእኛ ሕግ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሌላው አልፈጸመልኝም ብሎ መብቱን የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ እንዲፈጽም በማስጠንቀቂያ ሊጠይቀው ይገባል። ቁጥር 1774 ደግሞ በማስጠንቀቂያው ውስጥ ተገቢ የሆነ የጊዜ ገደብ መስጠት እንደሚቻል ይናገራል። ሕጉ ከደብዳቤው ሰባ ዓመት ገደማ ቆይቶ የመጣ ነው፤ ምኒልክ ሊያነቡት አይችሉም ነበር። ሁለቱ የተገናኙት ለቅን ሰው አእምሮ የቀረበ ሥርዓት ስለሆነ ነው።

መምህርቷ፦ ደብዳቤው ማስጠንቀቂያ ከሆነ መልሱ ምን ሆነ? መልስ የማይገኝበት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ማባከን ነው። ደግሞም ምኒልክ የጠበቁት በሕግ ፍቅር ይመስልዎታል? ከ1881 ጀምሮ አገሩን ክፉ ቀን መቶት ነበር። ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ በሬ ጠፋ፣ ሰው በረሃብ አለቀ። ያን ጊዜ ጦር ማንቀሳቀስ አይቻልም ነበር። እርስዎ ሥርዓት የሚሉት ለእኔ አቅም ማጣት ነው።

ጠበቃው፦ ክፉ ቀን መኖሩን አልክድም፤ ለመታገሣቸው ምክንያት መሆኑንም አልክድም። ነገር ግን ሰው አንድ ነገር ያደረገበት ምክንያትና ያደረገው ነገር የሚያስከትለው ውጤት የተለያዩ ናቸው። በግድም ይሁን በውድ፣ ጊዜው በሥራ ተሞልቶ ነው ያለፈው። ደብዳቤው ከተጻፈ በኋላ አንቶኔሊ አዲስ አበባ መጥቶ በ1883 ክረምት ሳይገባ ረጅም ድርድር ተደረገ። እቴጌ ጣይቱ የጥበቃ ግዛትነቱን ጥያቄ ፊት ለፊት ተቃወሙ። በየካቲት 1883 አንቶኔሊ ያለ ስምምነት ተቆጥቶ ሄደ። በሚያዝያ 1883 ምኒልክ የግዛታቸውን ወሰን የሚገልጽ ደብዳቤ ለኃያላኑ ላኩ። እንግዲህ ማስጠንቀቂያው ተሰጠ፣ ለማረም ጊዜ ተሰጠ፣ ፊት ለፊት ንግግር ተደረገ፣ አልታረመም። መልስ ያላገኘ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ማባከን አይደለም። ከዚያ በኋላ ‹አላወቅሁም፣ ብትነግረኝ ኖሮ አርመው ነበር› የሚለው ሰበብ ለዘለዓለም ይዘጋል። ጥፋቱ ከስሕተት ወደ እምቢታ የተሻገረው በዚያ ጊዜ ነው። በሕጋችንም እንዲሁ ነው፤ በቁጥር 1789 እንደተመለከተው አንደኛው ወገን ግዴታውን እንደማይፈጽም በማያሻማ ሁኔታ ካሳወቀ ሌላው ውሉን ሊሰርዘው ይችላል።

መምህርቷ፦ እሺ፣ ስረዛው ራሱስ? የተለመደው ታሪክ በ1885 ምኒልክ ውሉን ሰረዙ ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል።

ጠበቃው፦ ቀኑን ከውሉ ጋር አስተያዪው። የውጫሌ ውል 16ኛው አንቀጽ ከፊርማው አምስት ዓመት በኋላ አንዱ ወገን ማሻሻያ ሊያስገባ ቢፈልግ ከአንድ ዓመት በፊት ለሌላው ማስታወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። ውሉ የተፈረመው በሚያዝያ 1881 ስለሆነ አምስት ዓመቱ የሚሞላው በሚያዝያ 1886 ነው። ምኒልክ ስረዛውን ለጣልያንና ለኃያላኑ ያስታወቁት በየካቲት 1885 ሲሆን፣ ውሉ የሚያበቃበትን ጊዜ ያደረጉት በሚያዝያ 1886 ነው። ይህ አጋጣሚ ሊሆን አይችልም። ውሉ ራሱ ያስቀመጠውን ቀጠሮ ቈጥረው፣ ከአንድ ዓመት በላይ ቀደም አድርገው አሳውቀው፣ አምስት ዓመቱ ሲሞላ ወጡ። በተጨማሪም በጣልያን ብድር የመጣውን ዕዳ መመለስ ያዙ። ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ትልቅ ነው። ከውል የሚወጣ ሰው በውሉ የወሰደውን ይዞ መውጣት አይችልም። ቁጥር 1815 ውል ሲፈርስ ወይም ሲሰረዝ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ከውሉ በፊት ወደነበሩበት ሁኔታ እንዲመለሱ ያዝዛል። ዕዳውን የያዘ ሰው ‹ተበደልኩ› ሲል ድምፁ ይሰልላል፤ ዕዳውን የመለሰ ሰው ክሱ ይጠራል።

መምህርቷ፦ ጣልያን ግን ለዚህ መልስ ነበራት፤ እኔም ለጊዜው በእሷ ቦታ ልቁም። 16ኛው አንቀጽ የሚፈቅደው ማሻሻልን ነው፤ ማጥፋትን አይፈቅድም። ከዚህም በላይ የመሬት ነገር እንደማይነካ ይናገራል። ስለዚህ ምኒልክ በሩን ተጠቀሙ የሚሉት በር ለእሳቸው የተከፈተው በግማሹ ነው። አንድ ነጋዴ ‹ዋጋውን ለማሻሻል ከአንድ ዓመት በፊት ንገረኝ› የሚል አንቀጽ ይዞ ውሉን በሙሉ ቢያፈርስ እርስዎ ራስዎ ይከራከሩት ነበር።

ጠበቃው፦ ትክክል ነሽ፤ ክርክሩ በ16ኛው አንቀጽ ላይ ብቻ ቢቆም ኖሮ እኔም እጄን እሰጥ ነበር። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ መብቶችን አንድ ላይ አትጠቅልያቸው። 16ኛው አንቀጽ ያለ ጥፋት፣ ጊዜ አልፎ ነገር ስለተለወጠ ብቻ፣ አንዱ ወገን ማሻሻያ የሚጠይቅበት መንገድ ነው። መሠረታዊ ግዴታ ሲጣስ ውሉን መሰረዝ ግን ከዚያ አንቀጽ የሚመነጭ አይደለም፤ ከጥሰቱ ከራሱ የሚመነጭ ነው። የእኛ ሕግ በቁጥር 1785 ውል የሚሰረዘው መሠረታዊ የሆነ ግዴታ ሳይፈጸም ሲቀር ብቻ መሆኑን፣ ፍርዱም የተዋዋዮቹን ጥቅምና ቅን ልቦናን መመልከት እንዳለበት ይናገራል። በ1969 የአውሮፓ ዓመት የወጣው የቪየና የውሎች ሕግ ስምምነትም በ60ኛው አንቀጹ ለመንግሥታት ተመሳሳይ ነገር ይላል፤ በ65ኛው ደግሞ ሰራዡ ምክንያቱን አስታውቆ፣ በጣም አስቸኳይ ካልሆነ በቀር፣ ቢያንስ ሦስት ወር እንዲጠብቅ ይጠይቃል። የወዳጅነት ውል ውስጥ የወዳጅን ነጻነት ከመካድ የሚበልጥ መሠረታዊ ጥሰት የቱ ነው? ስለዚህ ምኒልክ የመሰረዝ መብት ከጥሰቱ አገኙ፤ አወጣጡን ግን ከ16ኛው አንቀጽ ተዋሱ። ከሚገባቸው በላይ ጥንቁቅ ሆኑ። የመሬቱንም ነገር ብታዪ፣ በስረዛው ደብዳቤ ለጣልያን የተለቀቀውን መልሱ ብለው አልዘመቱም። ጦርነቱን ያመጣው ጣልያን በ1887 ወደ ትግራይ መግባቷና ዓዲግራትን መያዟ ነው። የወረኢሉ ክተት የታወጀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ለወረራ መልስ እንጂ ውል ለማፍረስ አልነበረም።

መምህርቷ፦ እንግዲህ በጣም የሚከብደኝን ልጠይቅዎ። ይህ ሁሉ ወረቀት ምን ሠራ? ጣልያን የ1885ን ደብዳቤ አንብባ አልተመለሰችም። የተመለሰችው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ስትሸነፍ ነው። ወረኢሉ ላይ የተሰበሰበው ጦር ባይኖር የምኒልክ ደብዳቤ በሮም መዝገብ ቤት አቧራ ይጠጣ ነበር። የጠመንጃን ሥራ ለደብዳቤ መስጠት ለሞቱት ሰዎች ግፍ አይሆንም?

ጠበቃው፦ ለሞቱት ግፍ የሚሆነው የሞቱለትን ነገር ማሳነስ ነው። ያለ ጦር ደብዳቤው እንደማይፈጸም አምናለሁ። ነገር ግን ጦር የሚያስፈጽም እንጂ የሚወስን አይደለም፤ ምን ይፈጸም የሚለውን ነገር ጦር አይነግርሽም። በጥቅምት 1889 አዲስ አበባ የተፈረመውን የሰላም ውል እዪ። በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ የውጫሌ ውል ከነተጨማሪዎቹ ለዘለዓለም ተሽሯል ይላል፤ ሦስተኛው የኢትዮጵያን ፍጹም ነጻነት ያውቃል። ጣልያን በዓድዋ ሽንፈት ተገድዳ የተቀበለችው ነገር ምኒልክ በ1885 በደብዳቤ ከነገሯት የተለየ አልነበረም። ድሉ የጨመረው ጉልበትን ነው፤ ጥያቄው አስቀድሞ ተጽፎ ነበር። ያ ጽሑፍ ባይኖር ጣልያን ለኃያላኑ ‹የምጠብቀው ሕዝብ አመጸብኝ› ብላ ትናገር ነበር። ጽሑፉ ስላለ ግን ነገሩ በሁለት ነጻ መንግሥታት መካከል ስለተቋረጠ ውል የተደረገ ጠብ ሆነ። ድል ካደረጉም በኋላ ምኒልክ የመጀመሪያውን ውል በጽሑፍ መሻሩን አልናቁትም፤ አሸናፊ ሆነውም በሥርዓቱ ዘጉት።

መምህርቷ፦ የመንግሥታቱ ነገር ገባኝ። አሁን ወደ ገበሬው ልመልስዎት። ከወረኢሉ እስከ መካነ ሰላም ባለው ደጋ ሰው መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፣ በኮንትራት ያከራያል፣ እህል ይበደራል። ማስጠንቀቂያ የሚጽፍለት ጸሐፊ የለውም፤ ለፍርድ ቤት መመላለሻ ጊዜና ገንዘብ የለውም። መሬቷን ለእኩል የሰጠች አሮጊት አራሹ ባይዘራላት የዘር ወቅቱ ያልፋል እንጂ ፍርድ አይጠብቃትም። የእርስዎ ሥርዓት የባለ ጊዜ ሰው ሥርዓት አይሆንም?

ጠበቃው፦ ሕጉ ይህን አላየም ብለሽ አታስቢ። ማስጠንቀቂያ የግድ በማኅተም የተዘጋ ደብዳቤ መሆን የለበትም፤ በቁጥር 1773 መሠረት እንዲፈጸምለት መፈለጉን በማያጠራጥር መንገድ የሚያሳይ ማንኛውም ድርጊት ይበቃል። ሽማግሌ ይዞ፣ በሰው ፊት ‹በዚህ ሳምንት ካልዘራህ ለሌላ እሰጣለሁ› ማለት ማስጠንቀቂያ ነው። ጊዜው ራሱ ግዴታ ሲሆን ደግሞ፣ ማለትም ሥራው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልተሠራ የማይረባ ሲሆን፣ ቁጥር 1775 ማስጠንቀቂያ ሳያስፈልግ ጊዜው ሲያልፍ ጥፋቱ እንዲቆጠር ይፈቅዳል። የዘር ወቅት ማለት ይኸው ነው። ስለዚህ አሮጊቷ የምትጎዳው ሥርዓት ስላለ አይደለም፤ ስትዋዋል ‹በልጉ ካልተዘራ ውሉ አበቃ› የሚለው ቃል በምስክር ፊት ስላልተነገረ ነው። ያ ቃል ከተነገረ የመውጫው ነገር አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። ውል ስንገባ የምንጨነቀው ስለ አገባቡ ነው፤ ምን ይሰጠኛል፣ መቼ ይሰጠኛል እንላለን። መቼና እንዴት ያበቃል የሚለውን ግን እንደ ክፉ ምኞት እንፈራዋለን። ይህ ፍርሃት በብዙ ወዳጆች መካከል ጠብ አስገብቷል።

መምህርቷ፦ በልግ ባይዘንብስ? ወረኢሉ ደጋ ነው፤ ገብሱም ባቄላውም በሰማይ እጅ ነው። ዝናብ የከለከለውን ገበሬ ውል ጣስክ ማለት ይቻላል?

ጠበቃው፦ ይህ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልግ ጥያቄ ነው። ሕጋችን ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ሲከለክለው ባለዕዳው ኪሣራ እንዳይከፍል ይፈቅዳል። ቁጥር 1792 ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ አደጋው በተለመደ ጥንቃቄ ሊታሰብ የማይችል መሆን አለበት፣ ግዴታውንም ጨርሶ የማያስፈጽም መሆን አለበት። ቁጥር 1793 የመሬት መንቀጥቀጥን፣ መብረቅን፣ ጎርፍን፣ ጦርነትን፣ የመንግሥትን ክልከላ በምሳሌ ይጠቅሳል። የዋጋ መናር ግን ከዚህ አይቆጠርም። በበልግ የሚኖር አገር በልግ ሊቀር እንደሚችል ያውቃል፤ ደጋግሞ ቀርቷልና። ስለዚህ በልግ መቅረቱን በጥሬው ‹ያልታሰበ› ነው ብሎ ማምለጥ ይከብዳል። ጦርነት መንገድ ዘግቶ ወይም ጎርፍ ማሳውን ወስዶ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ አደጋው የታወቀ በሆነበት አገር ስለ አደጋው አስቀድሞ መዋዋል ይሻላል። ዝናብ ቢቀር ጉዳቱን ማን ይሸከማል? ዘሩ የማን ነው? የሚቀጥለው ዓመት ለማን ይሆናል? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በመዋዋያው ቀን መልስ ካገኙ የዝናቡ መቅረት ሁለቱን ቤተሰብ አያጣላም። ካላገኙ ግን ዳኛው በራሱ ርኅራኄ ውሉን መለወጥ አይችልም፤ ቁጥር 1763 ሕግ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ዳኛ የተዋዋዮቹን ቃል ለፍትሕ ሲል እንዳይለውጥ ይከለክለዋልና።

መምህርቷ፦ ሌላም አለ ጋሼ። ብዙ ጊዜ መሬት የሚሸጠው በብድር ወይም በኪራይ ስም ነው። ሰው ገንዘብ ተቀብሎ መሬቱን ይለቃል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ኪራይ ይባላል። ከዓመታት በኋላ ሻጩ ወይም ልጆቹ ‹መሬት አይሸጥም› ብለው ይነሣሉ። ገዢው ደግሞ ‹ቃል ገብታችሁልኝ ነበር› ይላል። የእርስዎ ሥርዓት እዚህ የማን ወገን ነው? ቃሉን የበላው ሻጭ ሊጠቀም ነው?

ጠበቃው፦ ይህ ከውል መሰረዝ የተለየ ነገር ነው፤ ቀድሞ የነገርሽኝ ‹ከጅምሩ አልተሠራም› የሚለው ክርክር የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። ጉዳዩ ከሕግ ውጭ የሆነ ውል እንዲፈርስ ማንም ጥቅም ያለው ሰው ሊጠይቅ ይችላል፤ ሁለቱ ቢስማሙበት እንኳ ስምምነታቸው አያድነውም። ነገር ግን ፈራሽ ነው ማለት ሻጩ ገንዘቡን ይዞ መሬቱን ያስመልስ ማለት አይደለም። ሁለቱም ወደነበሩበት ይመለሳሉ፤ መሬቱ ወደ ባለ መብቱ፣ ገንዘቡ ወደ ከፋዩ። ምኒልክ ብድሩን መመለስ ሲይዙ የታየው ሥርዓት ይኸው ነው። ሰው የሚያማርረው ‹ሕጉ ሻጩን አደላ› ብሎ ነው፤ ለጥፋቱ ግን የመጀመሪያው ድርሻ የሁለቱም ነው፤ ሕግ የከለከለውን ነገር ሌላ ስም ሰጥተው ተዋዋሉ። የኪራይ ውል ከሆነ እንደ ኪራይ ይጻፍ፣ ጊዜው ይወሰን፣ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይመዝገብ። ያኔ የሚያበቃበት ቀን በግልጽ ይታወቃል፤ ልጆች ከአባታቸው ጋር የተዋዋለውን ሰው በጥርጣሬ አያዩትም።

መምህርቷ፦ የመጨረሻ ጥርጣሬዬን ልናገር። እርስዎ ያቀረቡት ምስክር አንድ ንጉሠ ነገሥት ነው። ምኒልክ ሠራዊት ነበራቸው፤ ስለዚህ መታገሥም፣ ማስጠንቀቅም፣ መመለስም ይችሉ ነበር። ታግሦ የሚያተርፈው ጉልበት ያለው ነው። ጉልበት የሌለው ሰው ሲታገሥ የሚበላበትን ብቻ ያጣል።

ጠበቃው፦ እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። ጉልበት ያለው ሰው ከውል ያለ ሥርዓትም ይወጣል፤ የሚከለክለው የለም። ጣልያን ስትገፋ ወደ መረብ ገፋች፣ ስትፈልግ ለኃያላኑ አሳወቀች፤ ማስጠንቀቂያም የጊዜ ገደብም አላስፈለጋትም። ሥርዓቱ የሚጠቅመው በጉልበት መከራከር ለማይችለው ነው። በ1883 ኢትዮጵያ በረሃብና በከብት እልቂት የደከመች አገር ነበረች። ያን ጊዜ የነበራት አቅም ጽፎ መጠየቅ፣ ቀጠሮ ማክበር፣ ዕዳን መመለስ ነበር። ያንን አቅም ሳታባክን ስለተጠቀመችበት በ1888 ጉልበቷን ስታሰባስብ የምትዋጋለት ነገር በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ጠበቃት። አሮጊቷም እንዲሁ ናት። ከአራሹ ጋር በጉልበት አትፎካከርም፤ ሽማግሌ ይዛ ያስጠነቀቀችው ቃል፣ የሰጠችው ቀን፣ የመለሰችው ዘር ግን ፍርድ ቤት ስትቆም አብረዋት ይቆማሉ። ስለዚህ ልጄ፣ ለተማሪዎችሽ ዓድዋን ስታስተምሪ የካቲት 1885ን አትዝለዪው። አያቶቻቸው በወረኢሉ በኩል ወደ ጦርነት የሄዱት ከውላቸው በሥርዓት ወጥተው መሆኑን ይወቁ፤ እነሱም መሬት ሲከራዩ፣ ገንዘብ ሲበደሩ፣ ሲቀጠሩም ቃል ከመግባታቸው በፊት ከቃሉ የሚወጡበትን መንገድ ጽፈው ይዋዋሉ።